የጨዋታ ጓደኛና የኮምፒዩተራችን ቁልፍ

ጓደኛሞች በየከተማቸው ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር አብረው መጫወት ይችላሉ። ጨዋታው የሚሠራው በአስተናጋጁ ዘንድ ብቻ ነው፤ ለእንግዳው ምስሉና ድምፁ ይላክለታል፣ ከእርሱም የጣቱ ትእዛዝ ይመለሳል። ብርሃን በፋይበር ኦፕቲክ ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ደርሶ ለመመለስ 10 ሚሊሴኮንድ ይበቃዋል።

እኛን የሚያሳስበን ያ የጣት ትእዛዝ ነው። ኮምፒዩተር ቁልፉን የነካው ማን እንደሆነ አይለይም፤ ዴስክቶፑን ከነኪቦርዱ ያጋራ ሰው ፋይሉንና ደብዳቤውን ጭምር አሳልፎ ይሰጣል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የስቲም «ሪሞት ፕሌይ ቱጌዘር» ለእንግዳው የሚያሳየው ጨዋታውን ብቻ ነው፤ ኪቦርድና ማውስም በአስተናጋጁ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ይነሣሉ።

እኛ ለወዳጃችን ጆይስቲኩን ሰጥተን ኪቦርዱን እናስቀራለን። እርሱን ተጠራጥረን አይደለም፤ ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ተይዞ ከሆነ ትእዛዙን የሚልከው እርሱ ላይሆን ይችላል።