ከዋጃ ወደ አዲስ አበባ፦ የአየር ርቀትና እውነተኛው የጉዞ ጊዜ

በኮቦና በአላማጣ መካከል የምትገኘው ዋጃ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። በአየር ወደ አዲስ አበባ ለመጓዝ የሚፈልግ የአካባቢው ነዋሪ፣ በተለይም የሆስፒታል ቀጠሮ ወይም የውጭ አገር በረራ ያለበት፣ ኮምቦልቻን፣ ላሊበላን ወይም መቀሌን መምረጥ ይኖርበታል። ለዚህ ምርጫ ደግሞ በካርታ ላይ የሚታየው ቅርበት ብቻውን አይበቃም።

የአየር ርቀት የሚለካው የምድርን ክብነት ተከትሎ በሁለት ማረፊያዎች መካከል በሚሰመር አጭሩ መስመር ነው። በዚህ ስሌት ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ 250፣ እስከ ላሊበላ 330፣ እስከ መቀሌው አሉላ አባ ነጋ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአቪዬሽን ሰነዶች ርቀቱ የሚገለጸው በኖቲካል ማይል ሲሆን፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው።

የበረራው ጊዜ ግን በርቀቱ ልክ አይጨምርም። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያገለግለው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል፤ በዚህ ፍጥነት ኮምቦልቻ በ23፣ መቀሌ በ46 ደቂቃ የሚደረስባቸው ይመስላሉ። ሆኖም ሙሉ ፍጥነቱ የሚገኘው የበረራው ከፍታ ከተያዘ በኋላ ነው። በትኬት ላይ የሚሰፍረው ጊዜ አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከሚንቀሳቀስበት እስከ መዳረሻው ማቆሚያ ያለውን ሁሉ፣ ማለትም ወደ ማኮብኮቢያው መሄዱን፣ ተራ መጠበቁን፣ መውጣቱንና መውረዱን ያካትታል። በመሆኑም የኮምቦልቻው በረራ ወደ አንድ ሰዓት ሲጠጋ፣ እጥፍ የሚርቀው የመቀሌው ከዚያ በጥቂት ብቻ ይበልጣል።

ትልቁ ልዩነት የሚመጣው ከምድር ጉዞው ነው። ላሊበላ ከዋጃ በአየር መስመር ከ80 ኪሎ ሜትር ያነሰ ቢርቅም፣ በወልድያና በጋሸና ዞሮ ለሚሄድ መኪና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው መንገድ በወልድያ፣ በመርሳና በሐይቅ አድርጎ ደሴ ከወጣ በኋላ የሐረጎን ጠመዝማዛ ይወርዳል። ወደ መቀሌ የሚያቀናው ደግሞ ከአላማጣ በኋላ የግራካሱን ዳገት ይጠብቀዋል። የመቀሌ በረራ በግጭቱ ምክንያት ተቋርጦ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና መጀመሩ ይታወሳል። ስለዚህ ከመነሣት አስቀድሞ የበረራውንም የመንገዱንም ሁኔታ ማጣራት ተገቢ ነው።

ሌላው ብዙ ተጓዦችን የሚያሳስተው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ትኬት የሚጻፈው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ፣ 07:30 ማለት ከጠዋቱ 1:30 ነው፤ 13:40 ደግሞ ከቀኑ 7:40። የመጀመሪያውን ከቀኑ 7:30 ብሎ የሚያነብ ተጓዥ አውሮፕላኑ ከሄደ ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ይደርሳል። ለጠዋት በረራ ሁለት ሰዓት ቀድሞ በማረፊያው ለመገኘት፣ ከዋጃ የሚነሣ ሰው በዋዜማው ኮምቦልቻ ወይም መቀሌ ማደር ይኖርበታል።