ጂፒኤክስ፦ የመስክ ሠራተኛ ፋይል

ከባምባሲ ወይም ከሆሞሻ ዋናው መንገድ ወጣ ካላችሁ የእጅ ፓምፑም፣ ጤና ኬላውም፣ ክረምት የማያሻግረው ወንዝም በስልክ ካርታ ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ የመስክ ሠራተኛው የራሱን ነጥብ በጂፒኤስ ይይዛል። አያያዙን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚናቀው ነጥቡ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት ነው።

ሲኤስቪ በኤክሴል የሚከፈት፣ በኮማ የተለያየ ዝርዝር ነው። ኬኤምኤል በጎግል ኧርዝ የታወቀ ነው። ጂፒኤክስ ግን ከመነሻው ለጂፒኤስ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የምንሠራበት 1.1 እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው።

ጂፒኤክስን የምወድበት ዋናው ምክንያት ኬክሮሱንና ኬንትሮሱን እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ መጻፉ ነው። አሶሳ በሰሜን 10.07፣ በምሥራቅ 34.53 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ኬኤምኤል ኬንትሮስን አስቀድሞ 34.53,10.07 ብሎ ይጽፈዋል። የጋርሚን ነጥብ መጫኛም ከሲኤስቪ የሚጠብቀው ይህንኑ ቅደም ተከተል ነው። እኛ ደግሞ በደብተራችን ኬክሮስን እናስቀድማለን። ቁጥሮቹ ተገልብጠው ቢገቡ ፕሮግራሙ ምንም አይልም፤ ኬክሮስ እስከ 90 ስለሚደርስ 34 ለእሱ ትክክለኛ ቁጥር ነው። የአሶሳው ጉድጓድ ቱኒዚያ ውስጥ፣ በስፋክስና በጋቤስ መካከል ያርፋል። የአዲስ አበባው ነጥብ ከሰርዲኒያ በስተደቡብ ባሕር ውስጥ ይገባል።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የውሃ ተቋማት ዝርዝር ተከፍቶ የክልሉ ካርታ ባዶ ሆነ። «ነጥቦቹ ጠፍተዋል፤ ሰው ተመልሶ ወርዶ ይያዛቸው» ተባለ። ካርታውን አሳንሰን ስናየው ሁሉም ሰሜን አፍሪካ ላይ ተደርድረዋል። ለመኪናና ለነዳጅ ጥያቄ ከመጻፍ በፊት ካርታውን አሳንሶ ማየት ምን ይከብዳል?

በሜትር፣ ማለትም በዩቲኤም ለምትይዙ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። 36 ዲግሪ ኬንትሮስ ክልላችንን አቋርጦ ያልፋል፤ አሶሳ ዞን 36 ላይ፣ የመተከሏ ግልገል በለስ ዞን 37 ላይ ናቸው። ዞኑ ያልተጻፈበት ቁጥር የትኛው ዞን ላይ እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም። ከቀድሞዎቹ የወረቀት ካርታዎች የተነበበ ነጥብም መነሻ ስሌቱ አዲንዳን ስለሆነ ሳይቀየር ከገባ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይስታል። ጂፒኤክስ የሚቀበለው በደብልዩጂኤስ 84 የተሰላ ዲግሪ ብቻ በመሆኑ ሁለቱንም ጥርጣሬ ይዘጋል።

የአማርኛ ስምም አይርሳችሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ሆኖም ሲኤስቪ በዩቲኤፍ-8 ካልተቀመጠ «ሸርቆሌ» የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ዋናውን ቅጂ በጂፒኤክስ አስቀምጡ፤ ኦስምአንድ ያለ ኢንተርኔት ይከፍትላችኋል። ለሌላ ሰው ሲኤስቪ መላክ ግድ ከሆነባችሁም የትኛው ዓምድ ኬክሮስ፣ የትኛው ኬንትሮስ እንደሆነ ጽፋችሁ ላኩ።