የእንጨት ደረጃን ፊት ስለ መቀባት

በደረጃ ላይ እግር የሚያርፍበት ሳንቃ መርገጫ ነው፤ በሁለት መርገጫዎች መካከል ቀጥ ብሎ የቆመውን ፊት እንለዋለን። የሁለቱ መልክ አንድ ሲሆን፥ ዐይናቸው የደከመ ሽማግሌ ወደ ማታ ሲወጡ ጠርዙን መለየት ይሳናቸዋል፤ ተሰናክለውም ይወድቃሉ። ስለዚህ ፊቱን ነጭ መቀባት፥ መርገጫውን በእንጨቱ መልክ መተው ይገባል። ለሚወርድ ሰው ግን ፊቱ አይታይምና በየመርገጫው ጠርዝ ላይ ደግሞ ነጭ መስመር ይሰመርለት።

አሮጌ ቀለም ቢኖርበት በደረቁ መፋቅ አደገኛ ነው። በቀድሞ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ይጨመር ነበርና ትቢያው የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ሕፃናቱን አርቆ፥ በውሃ እያራሱ መፋቅ፥ ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው።

ነጭ ቀለም የጫማ ጫፍ ቶሎ ያቆሽሸዋል፤ ስለዚህ ሲታጠብ የማይለቅ የዘይት ቀለም ይመረጥ።