ከማረጥ ወዲያ ያለው ዕድሜ

በኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ውስጥ የሴት ልጅ የሕይወት ጉዞ በየምዕራፉ የሚታሰብበት ሥርዓት አለው። ስትዳር ሠርግ ይደገሳል፣ ስትወልድ ለአራስ ገንፎ ይገነፋል፣ ልጇ ክርስትና ሲነሣ ወይም ስም ሲወጣለት ጎረቤት ይጠራል፣ ስትሞትም ተዝካሯ ይወጣል፤ የወር አበባዋ በቆመበት ዓመት ግን የሚደገስም ሆነ የሚነገር ነገር የለም። ከአርባዎቹ አጋማሽ እስከ ስድሳዎቹ የሚዘልቀው የጉልምስና ዘመን በእናትነትና በእርጅና መካከል ተሸሽጎ ያልፋል፤ በዚህ ዘመን የሚደርሰውን የሰውነትና የኑሮ ለውጥ አብዛኞቹ ሴቶች ለብቻቸው፣ ምን እየሆኑ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ሳያገኙ ይወጡታል። ለውጡ ራሱ በሽታ አይደለም፤ የሚያከብደው ዝምታው፣ የሕክምናው መራቅና የኑሮው አለመደላደል ነው። እነዚህ ሲቃለሉ ይኸው ዘመን ሴቶች ከቀድሞው የበለጠ ነፃነት፣ ተሰሚነትና የሥራ ብርታት የሚያገኙበት ሊሆን እንደሚችል የብዙዎች ሕይወት ይመሰክራል።

ማረጥ ማለት የወር አበባ በእርግዝና፣ በማጥባት ወይም በሌላ ሕመም ምክንያት ሳይሆን በተፈጥሮ ለ12 ተከታታይ ወራት ሳይታይ ሲቀር ነው። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመቱ ያልበሰሉ ዕንቁላሎች በሁለቱ የዕንቁላል ዕጢዎቿ ውስጥ ይዛ ትወለዳለች፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከዚህ ውስጥ ከ300 እስከ 400 ሺህ የሚሆኑት ይቀራሉ፤ ከዚያ በኋላም ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ይሄዳል። ክምችቱ ሲያልቅ ዕጢዎቹ ኤስትሮጅን የተባለውን፣ ማለትም የማህፀንን፣ የአጥንትን፣ የደም ሥርንና የአንጎልን ሥራ የሚደግፈውን ሆርሞን በበቂ መጠን ማመንጨት ያቆማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው አብዛኞቹ ሴቶች የሚያርጡት ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከ40 ዓመት በፊት የሚደርሰው ያለ ዕድሜ ማረጥ ሲባል፣ ሁለቱም የዕንቁላል ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም የካንሰር መድኃኒት ሲጎዳቸው ሊከሰት ስለሚችል የሐኪም ክትትል ይጠይቃል።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አይመጣም። ቅድመ ማረጥ የሚባለው፣ ጥቂት ዓመታት የሚፈጀው ጊዜ የሚታወቀው የወር አበባ አንድ ጊዜ ሲፈጥን፣ ሌላ ጊዜ ሲዘገይ፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ሲበዛ ነው። በዚህ ወቅት ዕንቁላል አልፎ አልፎ ስለሚወጣ፣ ከእንግዲህ አላረግዝም ብለው መከላከያ ያቆሙ ሴቶች በአርባዎቹ መጨረሻ ያላሰቡት እርግዝና ሊገጥማቸው ይችላል።

ከምልክቶቹ ሁሉ የሚታወቀው ድንገተኛ ሙቀት ነው። ኤስትሮጅን ሲቀንስ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ሀይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ከልክ በላይ ንቁ ይሆንና፣ በጥቂቱ የጨመረን ሙቀት እንደ ከባድ ትኩሳት ቆጥሮ የቆዳ ደም ሥሮች እንዲሰፉና ላብ እንዲፈስ ያዛል። ሙቀቱ ከደረት ተነሥቶ ወደ አንገትና ፊት ይወጣል፣ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ልብሱን እንዳረጠበ ብርድ ብርድ ይላል። ጢስ በሞላው ማድ ቤት፣ ከጋለ ምጣድ ፊት ቆማ ሊጡን በማዞር ላይ ያለች ሴት ይህ ሲመጣባት፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወደ ደጅ ከመውጣት በቀር የምታደርገው ነገር አይኖርም፤ ምጣዱ ላይ የቀረው እንጀራም ያርራል። በአሜሪካ የተለያየ ዘር ያላቸውን ሴቶች ለዓመታት ተከታትሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሙቀቱ ከሚደጋገምባቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ችግሩ ከ7 ዓመት በላይ የቆየባቸው ሲሆን፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ጊዜው ከዚህም ይረዝም ነበር። ስለዚህ «ያልፋል፣ ቻይው» የሚለው የተለመደ ምክር፣ ዓመታት የሚዘልቅ ችግርን እንደ አንድ ሰሞን ጉንፋን የሚያይ ነው።

ሌሊት የሚመጣው ላብ እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ያጣች ሴት ደግሞ ቀን ይደክማታል፣ ትረሳለች፣ ትበሳጫለች፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳታል። የብልት ድርቀት ግንኙነትን ሕመም ያደርገዋል፤ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይመላለሳል። ይህን ሁሉ ያለ ማብራሪያ የሚያይ ቤተሰብ ግልፍተኝነቷን ከጠባይ፣ ከባሏ መራቋንም ከፍቅር መቀዝቀዝ ይቆጥረዋል፤ ራሷም ሙቀቱን የወባ፣ የምች ወይም የደም ብዛት አድርጋ ትወስደዋለች። ባልና ሚስት ስለ ጉዳዩ ተነጋግረው፣ ለድርቀቱ ማለስለሻ ወይም በብልት የሚቀመጥ አነስተኛ የኤስትሮጅን መድኃኒት እንዳለ ቢያውቁ ሊቃለል የሚችለው ችግር፣ በዝምታ ምክንያት ወደ ትዳር ቅሬታ ይለወጣል።

ከሚሰማው ምልክት ይልቅ የማይሰማው ለውጥ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ኤስትሮጅን አጥንት እንዳይሳሳ የሚከላከል በመሆኑ፣ ካረጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት አጥንት በፍጥነት ጥንካሬውን ያጣል፤ ኋላም ቀላል በሚመስል አወዳደቅ የእጅ አንጓ ወይም የዳሌ አጥንት ይሰበራል። የደም ግፊትና ጎጂው የኮሌስትሮል ዓይነትም ስለሚጨምሩ፣ በልብ ሕመም ረገድ ሴቶች ከወንዶች የነበራቸው ብልጫ እየጠበበ ይሄዳል። አጥንትና ጡንቻን የሚያጠነክረው መራመድ፣ መጠነኛ ክብደት ማንሣትና በቂ ምግብ ነው። ወተትና ዓይብ በማይበሉባቸው ረጅም የጾም ወራት ካልሲየም የተባለው የአጥንት ማዕድን ከጎመን፣ ከሰሊጥና ከጤፍ ሊገኝ ስለሚችል፣ የጾም ገበታ በሽሮ ብቻ እንዳይወሰን ማሰብ ይገባል።

ሙቀቱ ሕይወትን እስከማወክ ለደረሰባቸው ሴቶች የሆርሞን ሕክምና አለ፤ ይህም ሰውነት ማመንጨት ያቆመውን ኤስትሮጅን፣ ማህፀን ላላቸው ሴቶች ደግሞ ፕሮጄስትሮን ከተባለው ሆርሞን ጋር፣ በመድኃኒት መልክ መስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይካሄድ የነበረ ትልቅ ጥናት፣ ሁለቱን ሆርሞኖች በጣምራ የወሰዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰርና የደም መርጋት አደጋ ከፍ ብሎ በመታየቱ ይኸው ክፍሉ ሲቋረጥ፣ በዓለም ዙሪያ ሐኪሞችም ታካሚዎችም ከሕክምናው ሸሹ። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ ግን 63 ዓመት ስለነበር፣ በኋላ የተደረጉ ትንተናዎች ስዕሉን አስተካከሉት፤ ዛሬ የሙያ ማኅበራት የሚሉት፣ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነ ወይም ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው ጤነኛ ሴቶች ጥቅሙ በአብዛኛው ከጉዳቱ እንደሚያመዝን ነው። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ጽኑ የጉበት ሕመም ያለባት ሴት ግን ሐኪሟን ሳታማክር ልትነካው አይገባም።

ሁሉንም ነገር በማረጥ ማሳበብም አደጋ አለው። ዓመት ሙሉ ከቆመ በኋላ ደግሞ የታየ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ «አበባዬ ተመለሰ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የማህፀን ካንሰር ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ሲሆን፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በቅድመ ካንሰር ደረጃ ይቆያል። በጤና ተቋማት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው ምርመራ ቀላል ነው፤ ባለሙያዋ ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ በማህፀን በር ላይ ትቀባና ቀለሙ የሚነጣ ቦታ መኖሩን ታያለች፤ ከተገኘም ሳይዛመት ይታከማል። ብዙ የወለዱና ከባድ ሸክም የተሸከሙ ሴቶችን የሚያጠቃው የማህፀን መውጣትም በሕክምና የሚረዳ ሆኖ ሳለ፣ በኀፍረት ምክንያት ለዓመታት ተደብቆ የሚኖር ሕመም ነው።

የሰውነቱ ለውጥ የሚመጣው ደግሞ ኑሮ በሁለት በኩል በሚጎትትበት ሰዓት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ትምህርት ያልጨረሰ ልጅ፣ የታመመ አባት ወይም ያረጀች አማት በአንድ ጊዜ ልትጦር ትችላለች፤ ልጇ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች እንደሆነም የልጅ ልጆቿን ማሳደግ በእርሷ ላይ ይወድቃል። በኢትዮጵያ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ቢሆንም፣ በጉልት፣ በእርሻና በሰው ቤት ሥራ የኖሩ ሴቶች ደመወዝተኛ ተብለው ስላልተመዘገቡ የሚጠብቃቸው ጡረታ የለም። በዚህ ላይ ፍቺ ወይም የባል ሞት ሲጨመር፣ የሃያና የሠላሳ ዓመት ድካም ውጤት በማን ስም እንዳለ የሚለው ጥያቄ የኅልውና ጥያቄ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገ ሲሆን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሆኖ የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በትዳር አስተዳደር እኩል አድርጓል፤ በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረትም የአንዱ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጡ ሲሆን፣ እንደ አማራ ባሉ ክልሎች የመሬት ይዞታ ደብተር የሚስትንም ስም እንዲይዝ መደረጉ ብዙ የገጠር ሴቶችን ከባዶ እጅ ታድጓል። ይህን መብት ማወቅ ለጎልማሳ ሴት ከመድኃኒት የማያንስ ዋስትና ነው።

የዚህ ዘመን ሌላ ገጽ ግን ከፈተናው ጋር አብሮ የሚታይ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በወር አበባ ቀናት ወደ ቤተ መቅደስ የማትገባ ሴት፣ ካረጠች በኋላ በዚህ ምክንያት የምትቀርበት ቅዳሴ የለም፤ ከባሏ ጋር የምትቆርበው፣ አንዳንዷም ቆብ የምትጭነው በአብዛኛው በዚህ ዕድሜ ነው። ሙስሊም ሴትም በወር አበባ ምክንያት የምታቋርጠው ስግደትና በኋላ ቀዷ የምታወጣው፣ ማለትም በሌላ ቀን የምትተካው፣ የረመዳን ጾም አይኖርባትም። በሰፈር ደግሞ የዕድሩን ሴቶች የምታስተባብረው፣ የዕቁብ ዳኛ የምትሆነው፣ የተጣሉ ባልና ሚስትን የምታስታርቀው ይህች ጎልማሳ ሴት ናት። ልጆቿ ከእጇ ሲወጡ ለዓመታት ለቤቷ ስታዘጋጅ የኖረችውን በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ወደ ባልትና ንግድ ለውጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ስም የባንክ ደብተር የምታወጣም ብዙ ናት።

ሳይንስም ከማረጥ በኋላ ያለውን ዕድሜ እንደ ትርፍ ዘመን አያየውም። ከእንስሳት መካከል መውለድ ካቆሙ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚኖሩት እንደ አንዳንድ የዓሣ ነባሪ ዝርያዎች ያሉ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ የሰው ልጅ ከእነዚህ አንዱ የሆነበትን ምክንያት አንዳንድ ተመራማሪዎች በአያቶች ሥራ ያስረዳሉ። ተመራማሪዋ ክሪስተን ሆክስና ባልደረቦቿ በታንዛንያ ሃድዛ በተባሉ አዳኝና ለቃሚ ሕዝቦች ዘንድ ባካሄዱት ጥናት፣ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ጠንካራ መሬት እየቆፈሩ የሚያወጡት ሥር የልጅ ልጆቻቸውን አመጋገብ እንደሚደግፍ አሳይተዋል። ማይሪ ጊብሰንና ሩት ሜስ በኢትዮጵያ በኦሮሞ አርሶና አርብቶ አደሮች መካከል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት ሥራም፣ አያት በሕይወት መኖሯ ከሕፃናት በሕይወት መቆየት ጋር እንደሚያያዝና፣ የእናት እናት በተለይ የልጇን ከባድ የቤት ሥራ በማቃለል እንደምታግዝ ገልጿል።

በዚህ ዕድሜ ሕይወታቸውን በአዲስ መንገድ ከጀመሩት መካከል ወይዘሮ አበበች ጎበና በቀዳሚነት ይነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት ወይዘሮ አበበች፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ በተጓዙ ጊዜ በረኀብ የሚያልቅ ሕዝብ አዩ፤ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹ ቁጥር 21 ሲደርስ፣ ሐሳባቸውን ያልተቀበለውን ትዳራቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን ትተው፣ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ልጆቹን ማሳደግ ያዙ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ 45 ዓመት ነበር። በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር የተመሠረተው በዚህ መንገድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች የእርሳቸውን ድጋፍ አግኝተዋል። በሌላ የሙያ መስክ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን በጀርመን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በ40 ዓመታቸው ገደማ ነው፤ ደራርቱ ቱሉም እ.ኤ.አ. በ2009 በ37 ዓመቷ የኒው ዮርክ ማራቶንን ካሸነፈች በኋላ፣ በ46 ዓመቷ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆና ነበር።

እነዚህን ስሞች መጥቀስ ግን ለሌሎች ሴቶች «አንቺም በርቺ» ብሎ ኃላፊነቱን በእነርሱ ላይ ለመጣል ምክንያት ሊሆን አይገባም። ብርታት እንቅልፍ ባጣ ሰውነት፣ ባልተመረመረ ሕመምና በሌላ ሰው ስም በተጻፈ ንብረት ላይ አይቆምም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለነፍሰ ጡርና ለአራስ እናቶች የሚሰጡትን ምክር ያህል ለሚያርጡ ሴቶችም መስጠት፣ ጤና ጣቢያዎች የደም ግፊት፣ የስኳርና የማህፀን በር ምርመራን በአንድ ጉብኝት ማስተናገድ፣ አሠሪዎችም የሠራተኞቻቸውን የጡረታ መዋጮ በወቅቱ ማስገባት ይጠበቅባቸዋል። በቤት ውስጥ ደግሞ ባልና ልጆች እናት ስትደክም ሥራዋን ይካፈሉ፤ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆነና የማህፀን በር ምርመራ ያላደረገች ሴት በአቅራቢያዋ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር፤ ያረጠች እናትም ለልጇ የደረሰባትን ሳትደብቅ ትንገራት፤ ልጂቱ ተራዋ ሲደርስ የምታውቀው ነገር ይኖራታልና።