አራስ ፍየልና ግልገሎቿ

በዳንጉር ወረዳ በማንቡክና በአካባቢዋ፥ ገንዲ የቀንድ ከብትን በሚያጠቃበት ቆላ፥ ፍየል ለድኃ ቤት ታላቅ ሀብት ናት። ግልገሎቿ በተወለዱ በጥቂት ቀን ቢሞቱ፥ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንገር ማጣት ወይም የእትብት መመረዝ ነው።

ግልገል በማሕፀን ሳለ በሽታን የሚከላከል ኃይል ከእናቱ ደም አይደርሰውም፤ የሚያገኘው በእንገር ነው። አንጀቱም ይህንን ኃይል ወደ ደሙ የሚያሳልፈው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ብቻ ስለሆነ፥ በተወለደ በ1 ወይም በ2 ሰዓት ውስጥ መጥባት አለበት። እንገር ሲፈላ ለሰውም ጣፋጭ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን መንታ የወለደች ፍየል ያላት ከልጆቿ አይተርፍም። እትብቱ በቲንክቸር አዮዲን ይነከር፤ ማደሪያው ደረቅ ይሁን፤ ለእናቲቱም ንጹሕ ውሃ ይብዛላት።

ፍየል ብትጨነግፍ ግን ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴት ከቶ አትቅረብ። ውሾች በማያወጡት ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ሰውን እየተመላለሰ በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም የሚያሠቃየው ብሩሴሎሲስ በዚህና ባልፈላ ወተት ይተላለፋልና። መምህራን ሆይ፥ ወተት እስኪገነፍል መፍላት እንዳለበት ለተማሪዎቻችሁ ንገሩ፤ ፍየል የሚጠብቁት ብዙውን ጊዜ እነርሱ ናቸውና።