ድስቱን ማን ይጠብቅ? በጋራ በሚጫወቱት ጌም ገጸ ባሕርይ ስለ መምረጥ



በዘንድሮው የወላጆች ስብሰባ ላይ ደጋግመው ከተነሡ ጥያቄዎች አንዱ «ልጆቻችን ኮምፒውተር ላይ አብረው የሚጫወቱት ነገር ምንድን ነው? ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ነበር። በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ በቅዳሜው የኮምፒውተር ክበባችን ከሚዘወተሩት ጨዋታዎች አንዱን መርጠን፣ በተለይም ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያቸውን እንዴት እንደሚመርጡ ለማስረዳት ወደድን። በዚህ ምርጫ ላይ የምናየው ነገር ከጨዋታው አልፎ ወደ መማሪያ ክፍላችንም ስለሚደርስ ነው።

ጨዋታው ምንድን ነው?

ስሙ «ዶንት ስታርቭ ቱጌዘር» ይባላል፤ ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው «አብራችሁ ሁኑ፣ አትራቡ» እንደ ማለት ነው። የሠራው ካናዳ ውስጥ በቫንኩቨር ከተማ የሚገኘው ክላይ ኢንተርቴይንመንት ሲሆን፣ በ2013 ለአንድ ተጫዋች ካወጣው ጨዋታ ቀጥሎ በ2016 የወጣ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙውን ጊዜ እስከ 6 ሰው አንድ ዓለም ውስጥ ገብቶ ይጫወተዋል።

ተጫዋቾቹ በማያውቁት ምድረ በዳ ባዶ እጃቸውን ይነቃሉ። ሣርና ጭራሮ ይለቅማሉ፣ ከባልጩት መጥረቢያ ይሠራሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ሳይመሽ እሳት ያነዳሉ። በጨለማ ያለ ብርሃን የቆመ ሰው በማይታይ ፍጡር ይመታል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት መለኪያዎች አሉት፤ በሆድ ሥዕል የሚታይ ረሃብ፣ በልብ ሥዕል የሚታይ ጤና እና በአንጎል ሥዕል የሚታይ የአእምሮ መረጋጋት። ከሦስቱ አንዱን የዘነጋ ተጫዋች ብዙ አይቆይም።

አንድ የጨዋታ ቀን 8 ደቂቃ ነው። አብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት በቀን 75 ነጥብ ያህል ይራባሉ። የ150 ነጥብ ሆድ ያለው ሰው እንግዲህ ምንም ሳይቀምስ ሁለት ቀን፣ ማለትም 16 ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ረሃቡ ጤናውን መብላት ይጀምራል። ወቅቶችም ይፈራረቃሉ። መደበኛው ዓመት 20 ቀን መኸር፣ 15 ቀን ክረምት፣ 20 ቀን ጸደይና 15 ቀን በጋ አለው። እዚህ ላይ ክረምት ስንል እንደ አገራችን የዝናብ ወራት ሳይሆን በረዶ የሚወርድበትን ጊዜ ነው። ያኔ ብርዱ ይገድላል፣ አንድ ዓይን ያለው ግዙፍ አውሬ መጥቶ የሠሩትን ሁሉ ያፈርሳል። በመኸር ያልሰበሰበ በክረምት ይራባል ማለት ነው፤ ይህን የእኛም ገበሬ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ገጸ ባሕርያቱ ምን ይመስላሉ?

ጨዋታው ሲጀመር እያንዳንዱ ተጫዋች ማንን ሆኖ እንደሚጫወት ይመርጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ኖሮ ምርጫው የመልክ ጉዳይ ብቻ ይሆን ነበር። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ስጦታና ጉድለት አብሮ ተሰጥቷቸዋል።

ዊልሰን ሳይንቲስት ነው። ጤናው 150፣ ረሃቡ 150፣ አእምሮው 200 ነው፤ ጢሙ እያደገ ከብርድ ይከላከልለታል። ለጀማሪ የሚመች መካከለኛ ሰው ነው።

ዎልፍጋንግ ብረት እያነሣ ጉልበቱን የሚያሳድግ ጡንቸኛ ነው። ሲጠነክር ክንዱ ከባድ ነው፤ ይሁን እንጂ ጨለማንና ጭራቆችን ስለሚፈራ አእምሮው ቶሎ ይታወካል።

ዊግፍሪድ የጦረኛ ሚና የለመደች የመድረክ ተዋናይት ናት። ከሌሎች አንድ አራተኛ ያህል አብልጣ ትመታለች፣ ጉዳትም ይቀልላታል፤ የምትበላው ግን ሥጋና የሥጋ ምግብ ብቻ ነው። አትክልት ብቻ ባለበት ቤት ትራባለች።

ዊከርቦተም የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረች አዛውንት ናት። ገና ከጅምሩ ሌሎች መሣሪያ አቁመው የሚደርሱበትን እውቀት ይዛ ትመጣለች፤ መጻሕፍት ጽፋ ሰብል ታሳድጋለች፣ ወፎች ትጠራለች። መጽሐፍ ባነበበች ቁጥር ግን አእምሮዋ ይደክማል፤ እንቅልፍ ስለማይወስዳትም ተኝታ ማረፍ አትችልም።

ዋርሊ ወጥ ቤት ነው። ሌሎች የማይችሏቸውን ምግቦች ያበስላል፣ ቅመም ይቀምማል። እሱ ራሱ የተዘጋጀ ምግብ ካልሆነ አይቀምስም፤ ያንኑ ምግብ ሲደጋግምም ጥቅሙ ይቀንስበታል፤ ቶሎም ይራባል።

ዌበር ግማሽ ሸረሪት የሆነ ልጅ ነው። ሸረሪቶች ወዳጆቹ ናቸው፤ ለሌሎች ሰላማዊ የሆኑት የአሳማ መንደርተኞች ግን እሱን ሲያዩ ይዘምቱበታል። ስለዚህ ዌበር ያለበት ቡድን ሠፈሩን የት እንደሚሠራ አስቀድሞ መምከር አለበት።

በመጨረሻ ዌስ አለ፤ አንድም ቃል የማይናገር ተዋናይ። ከሌሎች ይልቅ በቶሎ ይራባል፣ ጤናው ያነሰ ነው፣ ምቱም ደካማ ነው። ሠሪዎቹ ሆን ብለው አስቸጋሪ አድርገውታል። ይህን ሰው የሚመርጥ ወይ እጅግ የተካነ ተጫዋች ነው፣ ወይም ጓደኞቹ ጥለውበት ነው። ወደዚህ ነጥብ እንመለሳለን።

እንዴት ይመረጣል?

በክበባችን ልጆቹ መጀመሪያ ላይ የሚሻሙት ጡንቸኛውንና ጦረኛዋን ነው። አራት ተዋጊ ያለው ቡድን በመኸር ጥሩ ይመስላል፤ አውሬ ይጥላል፣ ሥጋ ይከምራል። ነገር ግን ሥጋው ይበላሻል፣ ማገዶ የሚሰበስብ አይኖርም፣ ለብርድ የሚሆን ልብስ አይዘጋጅም። እንዲህ ያሉ ቡድኖች አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ክረምት አላለፉም። አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ አዋቂ፣ አንድ ተዋጊና አንድ ሰብሳቢ የያዙት ግን ልምዳቸው ትንሽ ቢሆንም ራቅ ብለው ሄደዋል።

ምክንያቱ በድስቱ ይታያል። ድስቱ አራት ነገር ይይዛል። ሦስት የቤሪ ፍሬና አንድ ቁራጭ ሥጋ አብረው ሲበስሉ የሥጋ ኳስ ይሆናሉ፤ ይህም 62.5 የረሃብ ነጥብ ይመልሳል። እነዚያው አራት ነገሮች ለየብቻ በጥሬው ቢበሉ ይህን ያህል አያጠግቡም። ስለዚህ ድስት ጠባቂው ሳይዋጋ ቡድኑን ያድናል። ዊግፍሪድ የምትዋጋው ዋርሊ ስላበሰለላት ነው፤ ዋርሊም የሚያበስለው እሷ ሥጋ ስላመጣችለት ነው። በአንድ ማዕድ የጾሙንና የፍስኩን ድስት ለይቶ ማሰናዳት የለመዱ እናቶቻችን ይህን ሂሳብ ያለ ኮምፒውተር ሲሠሩት ኖረዋል።

ከዚህ ተነሥተን ለክበቡ ልጆች ከምርጫ በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲጠይቁ ነግረናቸዋል። አንደኛ፣ «እኔ ምን መሥራት እወዳለሁ?» ሁለተኛ፣ «ቡድናችን የጎደለው ምንድን ነው?» ሦስተኛ፣ «የመረጥኩት ሰው የማይችለውን ማን ይሸፍንልኛል?» የመጀመሪያውን ብቻ የጠየቀ ለራሱ ይጫወታል። ሁለተኛውን ብቻ የጠየቀ ውሎ አድሮ ይሰለቻል። ሦስተኛውን የጠየቀ ልጅ ግን እርዳታ መጠየቅ ውርደት አለመሆኑን መረዳት ጀምሯል።

የሞተ ጓደኛና የ40 ነጥብ ልብ

በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው ወዲያው አይወጣም፤ መንፈስ ሆኖ በጓደኞቹ መካከል ይንሳፈፋል። በአጠገባቸው ሲቆይ የሕያዋኑን አእምሮ ይረብሻል። እሱን ለመመለስ ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ልብ መሥራት ነው። ልቡ ሦስት ሣርና አንድ የሸረሪት እጢ ይፈልጋል፤ በተጨማሪም ከሠሪው 40 የጤና ነጥብ ይቆረጣል። ጤናው 150 ለሆነ ሰው ይህ ከአራት እጅ ከአንዱ በላይ ማካፈል ነው። በመደበኛው አጫወት ሁሉም መንፈስ ከሆኑ ደግሞ ቆጠራ ይጀመርና ዓለሙ ጠፍቶ ከዜሮ ይጀመራል።

ልጆች የሚጣሉትም የሚታረቁትም እዚህ ላይ ነው። «ለምን ብቻህን ሄድክ?» ይባባላሉ። ጥፋተኛው ታውቆም ግን 40ውን ነጥብ የሚከፍል አንድ ሰው ያስፈልጋል። መምህራኑ እንደታዘቡት፣ ቶሎ የሚከፍሉት ሁልጊዜ ጠንካሮቹ ተጫዋቾች አይደሉም።

ዌስን ለማን ሰጠነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በክበቡ ውስጥ ዌስን ማን እንደሚወስድ ስንከታተል አንድ ነገር አየን። ደካማው ገጸ ባሕርይ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው አዲስ ለመጣው ልጅ ነው፤ ከአገር ቤት ወይም ከሌላ አገር ገና ለመጣውና የአካባቢውን ቋንቋ ለማይናገረው። «አንተ አታውቅም፣ ይኸኛው ይበቃሃል» ይባላል። ቋንቋ ያልፈታው ልጅ የማይናገረውን ሰው ሆኖ ይጫወታል።

ይህን ካየን በኋላ በክፍል የቡድን ሥራዎች ላይም መምህራን እንዲያስተውሉ አደረግን። እዚያም ያው ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ይጽፋል፣ አንዱ ሁልጊዜ ያቀርባል፣ አዲሱ ሁልጊዜ ወረቀት ይይዛል፣ ሥዕል ይቀባል። በክፉ ልብ አይደለም፤ ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ወረቀት የያዘ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ወረቀት መያዝ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ስለዚህ በክበቡ አንድ ደንብ አወጣን፤ ማንም ተማሪ አንድን ገጸ ባሕርይ በተከታታይ ከሁለት ዓለም በላይ አይይዝም፤ ዌስንም በመጀመሪያ የሚወስደው ከሁሉ የተሻለው ተጫዋች ነው። ከአዲሶቹ ተማሪዎች አንዷ ዋርሊን መርጣ ድስቱን ተረከበች። ምን እንደጎደለ ለመናገር «ሥጋ»፣ «እንጨት»፣ «ቶሎ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ተማረች። ቡድኑም ሳይበላ እንዳይቀር ይሰማት ጀመር። በቀጣዩ ዓለም ደንቡ ድስቱን ሲያስለቅቃት ቅር ብሏት ነበር፤ ያም ሆኖ ጦረኛዋን ይዛ ወጣች። ዘንድሮ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በሳይንስ የቡድን ሥራዎችም አቅራቢና ጸሐፊ በየተራ እንዲሆን ወስነናል።

ልጅ ገጸ ባሕርይ አይደለም

እዚህ ላይ ጨዋታውና ሕይወት ይለያያሉ። ዊግፍሪድ አትክልት የማትበላው ሠሪዎቿ እንዲያ ስለወሰኑ ነው፤ መቶ ቀን ብትኖርም አትለምድም። ልጆቻችን ግን ሠርተን የጨረስናቸው አይደሉም። ሆኖም በቤትም በትምህርት ቤትም «እሱ የሒሳብ ልጅ ነው»፣ «እሷ ንግግር አይሆንላትም»፣ «ይኸኛው እጁ እንጂ ጭንቅላቱ አይሠራም» ስንል ገጸ ባሕርይ እየመረጥንላቸው ነው። 11ኛ ክፍል ሲደርሱ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ልጁ የሚመርጠው ከሞከራቸው ነገሮች መካከል ነው። ያልሞከረውን ሊመርጥ አይችልም።

ሁሉም ሁሉን እኩል ይችላል ማለታችን አይደለም። ቡድን የሚቆመው በልዩነት ነው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ክሮቹ በየቦታቸው ስለሚያዙ ነው። የምንለው፣ ቦታው ከመጽናቱ በፊት ልጁ ዙሩን ይይ ነው።

ለወላጆች ጥቂት ምክር

የጨዋታው ቀን 8 ደቂቃ በመሆኑ «አንድ ቀን ብቻ» የሚለው የልጆች ልመና በቀላሉ ይደጋገማል። ሙሉ 70 ቀን ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ገደቡን በሰዓት ብቻ ሳይሆን በጨዋታ ቀን ተስማሙ፤ ለምሳሌ «ሰባት ቀን» ማለት አንድ ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ለራት ሲነሣ ዓለሙ ለሌሎቹ ሊቀጥል ስለሚችል፣ የማቆሚያውን ሰዓት ሁሉም ተጫዋቾች አስቀድመው ቢያውቁት ጠብ ይቀንሳል። የተጀመረው ዓለም ተቀምጦ ይቆያል፤ ነገም ይገኛል። በጨዋታው ጭራቅና ጨለማ ስላለ ለትንንሾቹ አንመክረውም። ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሳይሆን ከሚያውቋቸው ጓደኞች ጋር ብቻ እንዲጫወቱም እናሳስባለን።

ከሁሉም በላይ «አሸነፍክ ወይ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ማንን ሆንክ? ማን ረዳህ? ማንን መለስክ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ተማሪዎቻችንም በሚቀጥለው ዓመት ክበቡ ሲከፈት ለአዲሱ ልጅ ገጸ ባሕርይ ከመስጠታችሁ በፊት መጀመሪያ የሚፈልገውን ጠይቁት። ከዚያ ድስቱን ማን እንደሚጠብቅ አብራችሁ ወስኑ።