የቆየ የጭነት መኪና የሙቀት መለኪያ

ከጅቡቲ ወደብ በጋላፊና በሚሌ በኩል አዲስ አበባ የሚደርስ የጭነት መኪና የአፋርን ሐሩር አልፎ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፡፡ በዚህ መንገድ የቆየ መኪና ያሰማራ ነጋዴ፣ የሙቀት መለኪያው ጠቋሚ ዝቅ ብሎ መታየቱ ሞተሩ ለመቀዝቀዙ ማስረጃ አለመሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል፡፡ ባለአንድ ሽቦው ሴንሰር ሲግል ኤሌክትሪክ አብዝቶ ያሳልፋል፤ ሽቦው ከተበጠሰ ግን ጠቋሚው ከቀዝቃዛው ምልክት አይነሣም፡፡ ሾፌሩም ይህን አምኖ ሲነዳ ቴስታታው ይጣመማል፡፡

ጋራዡ ሴንሰር ከማስገዛቱ በፊት (ማስገዛቱ ይቀናዋልና) ሽቦው ይመርመር፡፡ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ከሴንሰሩ የተነቀለው ሽቦ የሞተሩን ብረት ለአፍታ ሲነካ ጠቋሚው ከተነሣ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው፤ ካልተነሣ የሽቦው ወይም የመለኪያው፡፡ ሴንሰሩ የሚለወጠው ሞተሩ ሲበርድ ነው፡፡ ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው በጥርሱ ስለሆነ ማሸጊያ አይብዛበት፤ አዲሱም ሽቦ ከጭስ ማውጫው ርቆ ይታሰር፡፡